ነጠላ ላይ የታተመው ዳቦ ቤት

(ደብረ ብርሃን፣ ከወፍጮ ቤት ጀርባ ያለች የኪራይ ቆርቆሮ ክፍል። ውባለም ለላስቲክ ማሸጊያ የሚሆን የማተሚያ ቀለም በማሽን እያማሰለች ሳለ፣ ያሳደጓት አክስቷና የመጀመሪያ ደንበኛዋ፣ የዳቦ ቤት ባለቤቷ ወ/ሮ ጥሩወርቅ፣ አንድ ፌስታል ሙሉ ነጠላ ይዘው በሩን በርግደው ገብተዋል።)

ጥሩወርቅ፦ ዝጊው! ያንን ማሽን ዝጊው ነው የምልሽ፤ ስጮህ ጉሮሮዬ ተሰነጠቀ እኮ!

ውባለም፦ ከዘጋሁት ይረጋብኛል፣ እቴቴ። ትንሽ ይታገሱኝ።

ጥሩወርቅ፦ ይርጋ! ድንጋይ ይሁን! እስኪ ይሄን ተመልከቺ። ያዢው እንጂ፣ ምን ያስፈራሻል?

ውባለም፦ ነጠላ ነው።

ጥሩወርቅ፦ ነጠላ መሆኑንማ እኔም ዓይን አለኝ! ነጠላው ላይ ምን አለ?

ውባለም፦ ቀይ።

ጥሩወርቅ፦ የማን ቀይ?

ውባለም፦ የእኔ።

ጥሩወርቅ፦ እሰይ፣ አወቅሽው! ትናንት ሰው ከማርያም ንግሥ ሲመለስ ነጭ በነጭ ለብሶ ዳቦ ቤቴ ተሰለፈ። ሰልፉ እስከ አስፋልቱ ነው። እኔ ደግሞ ደረቴን ነፍቼ፣ በአዲሱ ላስቲክ እያደረግሁ፣ "የልጄ ቀለም ነው፣ እዚሁ የተሠራ ነው" እያልኩ አድላቸዋለሁ። ሴቱ ሁሉ ብርዱ ሲብስበት ትኩሱን ዳቦ ነጠላው ስር ታቀፈው። ቤቱ ገብቶ ሲገልጠው "ጥሩወርቅ ዳቦ ቤት" ተገልብጦ ደረቱ ላይ ቁጭ ብሏል!

ውባለም፦ ጽሑፉ ሙሉውን ነው?

ጥሩወርቅ፦ ምን አልሽ?

ውባለም፦ ሙሉው ነው የለቀቀው ወይስ ዳር ዳሩ? የስንዴዋ ሥዕልስ? አረንጓዴው?

ጥሩወርቅ፦ ኧረ ጉድ! ሰው ፊት ተዋረድኩ ስላት እሷ ስለ ስንዴዋ ትጠይቀኛለች!

ውባለም፦ ማወቅ ስላለብኝ ነዋ! አረንጓዴው ካልለቀቀ ጥፋቱ የቀዩ ቀለም ዱቄት ነው። ሁለቱም ከለቀቁ ግን ቀለሙን ላስቲኩ ላይ የሚያጣብቀው ሙጫ ነው።

ጥሩወርቅ፦ ሁለቱም ለቀዋል፣ ደስ ይበልሽ! የቄሰ ገበዙ ሚስት ትከሻ ላይ ስንዴ በቅሏል!

ውባለም፦ አይቀልዱብኝ እቴቴ።

ጥሩወርቅ፦ ይሄ ቀልድ ይመስልሻል? ዛሬ ጠዋት መጥታ ነጠላዋን ባንኮኒዬ ላይ ጣል አድርጋው ሄደች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። እሷ ስትወጣ ሌላዋ ገባች፣ ሌላዋ ስትወጣ ሌላዋ። "አስለቅቄ እመልሳለሁ" እያልኩ ሁሉንም ተቀብዬ ይኸው እንደ ልብስ አጣቢ ተሸክሜ መጣሁ። በይ አስለቅቂ!

ውባለም፦ በአልኮል ሊለቅ ይችላል። ግን ጥለቱንም ይዞት ይሄዳል።

ጥሩወርቅ፦ ላስቲክ ላይ ያዝ ሲሉት እምቢ ያለ ቀለም፣ ነጠላ ላይ ሲሆን በምን ተጣበቀ?

ውባለም፦ ጥጥ ይመጥጣላ! ላስቲክ አይመጥጥም።

ጥሩወርቅ፦ አታስተምሪኝ!

ውባለም፦ ጠየቁኝ እኮ!

ጥሩወርቅ፦ ጠየቅሁሽ እንጂ መልሺ አልኩሽ?

ውባለም፦ እንግዲያውስ እኔም ልጠይቅ። ዳቦውን ላስቲክ ውስጥ የሚከቱት ከምድጃ እንደወጣ ነው?

ጥሩወርቅ፦ እና መቼ ልክተተው? ለቅሶ ደርሶ እስኪመለስ?

ውባለም፦ እስኪቀዘቅዝ! ትኩሱን ሲከቱት ላስቲኩ ይሞቃል፣ ይለሰልሳል፣ በላዩ ያለውም ቀለም አብሮ ይለሰልሳል። እኔ በሠራሁበት የቀለም ፋብሪካ የነበረው መመሪያ ዳቦ የሚታሸገው ቀዝቅዞ ነው ይላል።

ጥሩወርቅ፦ እንግዲያ መመሪያውን የጻፈው ሰው መጥቶ ዳቦ ይግዛኝ! ይሄ ደብረ ብርሃን ነው! እዚህ ሰው ዳቦ የሚገዛው ለሆዱ ብቻ መሰለሽ? መንገድ ላይ እጁን ሊያሞቅበት ነው። ቀዝቃዛ ዳቦ ባቀብለው መልሶ ፊቴ ላይ ነው የሚወረውረው። ይሄን አንቺ አታውቂም? ያንቺ እጅ በምን ሞቆ ነው ትምህርት ቤት ስትሄጂ የኖርሽው?

ውባለም፦ አውቃለሁ።

ጥሩወርቅ፦ ካወቅሽ ለምን አልሞከርሽውም?

ውባለም፦ ሞክሬዋለሁ።

ጥሩወርቅ፦ በምን?

ውባለም፦ በዳቦ።

ጥሩወርቅ፦ በየትኛው ዳቦ?

ውባለም፦ ከሱቅ በገዛሁት። እሳት ላይ አሙቄ።

ጥሩወርቅ፦ ያደረ ዳቦ! የኔ ምድጃ እዚያ ቁጭ ብሎ፣ ከሱቅ የተገዛ ያደረ ዳቦ! ያደረ ዳቦ ሲሞቅ ይደርቃል እንጂ ላብ ያወጣል? ምነው? ምድጃዬ ጋ ብትመጪ ይነክስሽ ነበር?

ውባለም፦ ማን ያስገባኛል?

ጥሩወርቅ፦ ማን ከለከለሽ?

ውባለም፦ እርስዎ ነዎታ!

ጥሩወርቅ፦ እኔ?

ውባለም፦ ሥራውን የጀመርኩ ሰሞን፣ ያ ሁሉ ሰው ቆሞ እያየ፣ "ቲነር ቲነር ትሸቻለሽ፤ ሽታሽ ሊጡ ውስጥ ይገባል፤ ደጅ ቁሚ" አላሉኝም? ከዚያን ቀን ጀምሮ ዳቦ በመስኮት ነው የሚያቀብሉኝ። ያደግሁበት ቤት ነው እኮ! ሠራተኞቹ እንኳን ሲያዩኝ አንገታቸውን ይደፋሉ።

ጥሩወርቅ፦ እና ትሸቻለሽ! ዋሸሁ?

ውባለም፦ እሸታለሁ! ቀለም የሚሠራ ሰው ሽቶ ሽቶ አይልም!

ጥሩወርቅ፦ እኔም ያን ያልኩሽ እንድትተይው ነው!

ውባለም፦ አውቃለሁ! ለዚያ ነው ያናደደኝ! ቢያንስ "ተይው" ይበሉኝ እንጂ ለምን በቲነር ሽታ ያሳብባሉ?

ጥሩወርቅ፦ እሺ፣ አሁን ልበልሽ፤ ተይው! ባንኮኒዬ ባዶውን ነው። ጉልበቴ ቆሜ እንድውል እምቢ ብሎኛል። ያን ቤት ለማን ነው የሠራሁት? ለማን ነው? አንቺን እዚያ አስቀምጬ፣ እኔ ጥግ ላይ በርጩማ ስቤ፣ ሰው ሲገባ ሲወጣ እያየሁ ላረጅ ነበር። አንቺ ግን ፋብሪካውን ለቅቀሽ ስትመጪ፣ "መጣችልኝ" ብዬ ሳልጨርስ፣ ቆርቆሮ ተከራይተሽ በርሜል ታማስያለሽ!

ውባለም፦ ማተሚያ ቤቱ ከውጭ የሚመጣ ቀለም አጥቶ ማሽኑን ጨርቅ አልብሶ ተቀምጦ ነበር እኮ። እርስዎም በባዶ ላስቲክ እየሸጡ ሲያማርሩ አልነበር? "እዚህ ቀለም የሚሠራ ሰው ይጥፋ?" ያሉት እርስዎ ነዎት።

ጥሩወርቅ፦ ሰው አልኩ እንጂ አንቺ አልኩ?

ውባለም፦ እኔስ ሰው አይደለሁም?

ጥሩወርቅ፦ አፍሽን አታሹይብኝ። ስሚኝ፤ ይሄን ማሽን ሽጪው። ሰኞ ባንኮኒዬ ላይ ቁጭ ትያለሽ። እምቢ ካልሽ ደግሞ አሁኑኑ የማተሚያ ቤቱ ባለቤት ሸዋረጋ ጋ ሄጄ፣ "የዚህችን ልጅ ቀለም ማሽንህ አጠገብ እንዳታደርስ" እለዋለሁ። እንደሚሰማኝ ታውቂያለሽ።

ውባለም፦ አውቃለሁ። ከእሱ ሌላ የእኔን ቀለም ማሽኑ ላይ የሚጭን የለም። እሱ እምቢ ካለኝ ይሄ ክፍል ዛሬውኑ ይዘጋል። ያንንም ያውቃሉ።

ጥሩወርቅ፦ አውቄ ነው የምልሽ።

ውባለም፦ እንግዲያ አይድከሙ። እኔ ሄጄ ነበር።

ጥሩወርቅ፦ የት?

ውባለም፦ ጋሼ ሸዋረጋ ጋ። ዛሬ በጠዋት። ጎረቤቴ ነጠላዋን ስታጥብ አየሁት።

ጥሩወርቅ፦ ታዲያ አውቀሽ ነው እንዲህ ቆመሽ የምታስለፈልፊኝ?

ውባለም፦ የአንድ ሰው ነጠላ ነበራ ያየሁት! ፌስታል ሙሉ ይመጣል ብዬ መቼ አሰብኩ?

ጥሩወርቅ፦ ምን አልሽው?

ውባለም፦ እውነቱን። "ቀለሜ ትኩስ ነገር አይችልም። የታተመውን ላስቲክ ለማንም አትስጥ፤ የተረፈውን ቀለም መልስልኝ፤ እንደገና እሠራዋለሁ" አልኩት።

ጥሩወርቅ፦ በገዛ አፍሽ?

ውባለም፦ በማን አፍ ልናገር?

ጥሩወርቅ፦ አንቺ ሞኝ! ላስቲኩ ነው ማለት አቃተሽ? ማሽንህ ነው ማለት አቃተሽ? እንዲህ ተሁኖ ነው ንግድ?

ውባለም፦ ማሽኑ አይደለማ!

ጥሩወርቅ፦ እሱስ ምን አለሽ?

ውባለም፦ እርስዎ ያሉትን ነገረኝ።

ጥሩወርቅ፦ እኔ ምንም አላልኩትም።

ውባለም፦ "የማላውቀውን ቀለም ማሽኔ ላይ አልጭንም፣ የማተሚያ ሲሊንደሬን ያበላሽብኛል" ሲልዎት፣ "ጫን፤ ከተበላሸ በእኔ ይሁን" ብለውታል።

ጥሩወርቅ፦ ይሄ ወሬኛ! ሽማግሌ ሆኖ አፉን አይዝም? ለማንም እንዳትናገር ብዬው ነበር እኮ!

ውባለም፦ ለምን ደበቁኝ? እኔ እኮ ቀለሜን አይቶ፣ በጣቱ ፈትጎ፣ ወድዶት የተቀበለኝ መስሎኝ ነበር። ያን ቀን በደስታ ምግብ አልበላ ብሎኝ ነው የዋልኩት። ለካ የተቀበለው የእርስዎን ቃል ነው! አሁን ምን ልበል? ላመስግን ወይስ ላልቅስ?

ጥሩወርቅ፦ ብነግርሽ "አልፈልግም" ትያለሻ! አውቅሻለሁ።

ውባለም፦ አልፈልግም ነበራ! ሰው ፊት በመስኮት ዳቦ እያቀበሉ፣ በጓሮ ዋስ ይሆኑልኛል! አንዱን ይምረጡ፣ እቴቴ! ወይ ጨርሰው ይጣሉኝ ወይ በአደባባይ ከጎኔ ይቁሙ!

ጥሩወርቅ፦ ምኑን ልምረጥ? "ይበላሽባትና ትመለስልኝ" እላለሁ፤ መልሼ ደግሞ "ማርያም፣ አታሳፍሪብኝ" እላለሁ። በአንድ አፌ! ትናንት ያን ላስቲክ ሳድል እንዴት ኮርቼ እንደነበር ብታይ። አሁን ደግሞ በብስጭት ልሞት ነው። አንቺ ነሽ እንዲህ ያደረግሽኝ!

ውባለም፦ እኔስ? ማሽኑን አልሸጥም። ይወቁት። ሙጫውን ጨምሬ፣ ቲነሩን ቀንሼ እንደገና እሠራዋለሁ። ከምድጃ በወጣ ዳቦ ላይ ሳይለቅ እስኪያድር ድረስ ለማንም አልሸጥም። ለእርስዎም ጭምር። እስከዚያ በባዶ ላስቲክ ይሽጡ።

ጥሩወርቅ፦ ለእኔ አልሸጥም? ለእኔ?

ውባለም፦ ለእርስዎ! ምድጃዎን ከሰጡኝ ደግሞ ቶሎ ያልቃል። ካልሰጡኝ ሌላ ዳቦ ቤት እለምናለሁ።

ጥሩወርቅ፦ ሌላ ዳቦ ቤት ትሄጂና እግርሽን ነው የምሰብረው! ነገ ሊጡ ሳይገባ እዚያ ተገኚ። በመስኮት ሳይሆን በበር። አሁን ደስ አለሽ?

ውባለም፦ አላለኝም። እነዚህን ነጠላዎች ደግሞ እኔ ነኝ ይዤ የምሄደው። ከእያንዳንዷ ደጃፍ ቆሜ ጥፋቱ የእኔ ነው እላለሁ።

ጥሩወርቅ፦ አትሄጂም! ስማችን የሚነሳው በዳቦ ቤቱ ነው። ከተማው የሚያማው እኔን ነው እንጂ አንቺን ማን ያውቅሻል?

ውባለም፦ እንግዲያው ይወቀኝ! የሚቀጥለው ላስቲክ ላይ፣ ከታች፣ ጥግ ላይ፣ "ቀለሙን የሠራችው ውባለም ናት" ብለው ከነስልኬ ያሳትሙበት። በትንሽ ፊደል ይበቃኛል። የተናደደ ሁሉ ለእኔ ይደውል።

ጥሩወርቅ፦ ምን ጥግ፣ ጥግ ትይኛለሽ? ያንቺም ስም የእኔም ስም መሃል ላይ፣ እኩል ፊደል ነው የሚታተመው! ስንሰደብ አብረን እንሰደባለን!