በጭቃ የተለሰነው ቀፎ

ከክብረ መንግሥት ወደ ነገሌ በሚወርደው አውቶቡስ፣ ከፊቴ የተቀመጠው አሥር አለቃ ከገበያ የገዛውን ባዶ ቀፎ ጭኑ ላይ አጋድሞታል። አጠገቡ ያሉት የጉጂ ሽማግሌ ዓይናቸውን ከቀፎው አልነቀሉም።

«አካም፣ አሥር አለቃ። ጋጉራው፣ ቀፎው አዲስ ነው?»

«አዲስ ነው። ንብ ማርባት ልጀምር ብዬ ነው።»

«የት ዛፍ ላይ ትሰቅለዋለህ?»

«እሱን ለምን ፈለጉት፣ አባባ?»

«እንዲያው ነው። ሰም ሰም ይሸታል።»

«ሻጩ ቀብቶት ነው። መጀመሪያ ጥቂት ንቦች መጥተው ያዩታል፣ ሽታው ከተስማማቸው አውራቸውን ይዘው ይገባሉ ብሎኛል።»

«እሱስ እውነቱን ነው። ማነው ሻጩ?»

«አንድ ወርቅ ጥርስ ያለው ሰውዬ።»

«እዚህ ጎኑ ላይ ጭቃው ለምን ወፈረ?»

«ተሰንጥቆ ነበር።»

«አዲስ ነው አላልክም?»

ሽማግሌው ጭቃውን በጥፍራቸው ፋቅ ፋቅ ሲያደርጉት ከሥሩ በቢላ የተቀረጸ ክብና ሁለት ጭረት ወጣ።

«እኛ ቀፎ ከመስቀላችን በፊት ምልክት እንቆርጥበታለን። ይህ የወንድሜ ምልክት ነው። ቀፎው ከነማሩ ከዛፍ ላይ ተሰርቆበታል።»

«አንቱ ፍቀው ያገኙትን ሁሉ የወንድሜ ነው ቢሉ፣ እኔ በምን አውቃለሁ?»

«ክዳኑን ክፈተው። ከውስጥም ያው ምልክት አለ።»

አሥር አለቃው ክዳኑን በሁለት እጁ ተጭኖ ያዘው።

እኔም ከዚያው ወርቅ ጥርስ ካለው ሰውዬ የገዛሁትን የማር ቅል በተረከዜ ወደ ወንበሩ ሥር ገፋ አደረግኩት።