በረኪና ያልደረሰበት ጣሪያ

ወተት ሻጯ ወይዘሮ ከመዋዕለ ሕፃናቱ በር ሲወጡ፣ በቤተ ሙከራ ከምትሠራው ከወንድማቸው ልጅ ጋር ድንገት ተገጣጠሙ። እንደ ወትሮው አገላብጠው አልሳሟትም፤ በሁለቱም እጃቸው ሙሉ ሙሉ ቢዶን ይዘው ነበርና።

«ምነው እትዬ፣ ወተቱ ተመለሰ እንዴ?»

«ቆርጧል አሉኝ። ምግብ አብሳይዋ ‹ነገም እንዲህ ከሆነ ሌላ ሰው እንፈልጋለን› አለችኝ። ስንቱን ልጅ አሳድጌላቸው!»

«ቢዶኑን እንዴት ነው የሚያጥቡት?»

«ዓይኔን እስኪያቃጥለኝ በረኪና እደፋበታለሁ፣ ከዚያ አለቀልቀዋለሁ። ሌላ ምን ላድርገው፣ ልቀቅለው?»

«በብሩሽስ አይፈትጉትም?»

«ኧረ በይ! እናቴ ‹የተፈተገ ዕቃ ይጫጫራል፣ በጭረቱ ክፉ ነገር ይገባል› ትል ነበር። ብሩሽ ቤቴን ረግጦ አያውቅም።»

«እሳቸውም አልተሳሳቱም፤ ሻካራ ብሩሽ ይጭራል። ለስላሳው ግን አይጎዳም። እስቲ ጣትዎን ከአንገቱ ሥር ይስደዱ።»

ወይዘሮዋ ዳሰሱ። ጣታቸው ተንሸራተተ።

«የወተት ቅባት ነው» አሉ፤ ድምፃቸው ግን ከቅድሙ ዝቅ ብሏል።

«ቅባት ብቻ አይመስለኝም። እኛ ባዮፊልም እንለዋለን።»

«ስም ስላወጣሽለት ይለቃል?»

«ምን እንደሚያስለቅቀው ያሳውቃል። ጀርሞች በየፊናቸው ሲንሳፈፉ በረኪናው ይፈጃቸዋል። ዕቃ ላይ ተጣብቀው፣ ራሳቸው ባወጡት ዝልግልግ ነገር ተሸፍነው አብረው ሲኖሩ ግን ባዮፊልም ይባላሉ። ጠዋት ጥርስዎ ላይ የሚሰማዎት፣ የውሃ በርሜል ውስጥ የሚያዳልጠውም እሱ ነው። ያደፈ ነገር ሁሉ ግን በዚህ ስም አይጠራም፤ ሲያለቀልቁት የሚሄድ ጭቃ ጭቃ ነው።»

«ታዲያ በረኪናዬስ?»

«በረኪናዎ ዝናብ ነው፤ እነሱ ጣሪያ ሥር ተጠልለዋል። መጀመሪያ ጣሪያውን ማፍረስ ነው።»

«የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም በይኛ!» አሉና ሳቁ። ግን አልተረቱም፤ የእናትን ቃል መጣል የቆረጠ ወተት እንደ መድፋት አይቀልም። «እንግዲያው አንዱን ቢዶን በአንቺ መንገድ፣ ሌላውን በእናቴ እናጥባለን። ነገ ይለይ።»

ልጅቷ የመጀመሪያውን ቢዶን በለስላሳ ብሩሽ፣ በሳሙናና በሙቅ ውሃ ፈትጋ አጠበች፤ አለቅልቃ የተበረዘ በረኪና አዞረችበት፤ እንደገና አለቅልቃ ደፍታ አደረቀችው። በማግስቱ ከአንድ እንስራ የተቀዳ ወተት በሁለቱም ተሞልቶ መዋዕለ ሕፃናቱ ደረሰ፤ ልጅቷም አብራቸው መጣች።

ምግብ አብሳይዋ ከእያንዳንዱ ጥቂት ቀድታ ምድጃ ላይ ጣደች። በእናትየው መንገድ የታጠበው ቢዶን ወተት ገና ሲሞቅ ቆረጠ። የሌላው ግን ፈልቶ ገነፈለ፤ የቀረውን ከነቢዶኑ አንስታ ወደ ልጆቹ ትልቅ ድስት ገለበጠችው።

ከዚያ ወዲህ የወይዘሮዋ ወተት አልተመለሰም። ሕፃናቱ ያልተበላሸ ወተት ጠጡ፤ ዓይን የሚያቃጥለው በረኪናም በከንቱ መደፋቱ ቀረ። ያን ዕለት ግን ወይዘሮዋ ስለ ጥቅሙ አላወሩም። ወተቱ የቆረጠበትን ቢዶን አነሱና፣

«ነይ ልጄ፣ ብሩሽሽን ይዘሽ ቤት ግቢ» አሉ። «የእናቴንም ጣሪያ ራሴው ላፍርሰው።»