ሆዴ ሲደውል የሚመጡ መኪኖች

ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣ ክቡራትና ክቡራን፣ የጋራዡ ሰዎች፤

ይህን አዳራሽ ለእኔ ብላችሁ ስላዘጋጃችሁ አመሰግናለሁ። አዳራሽ የሆነው ለዛሬ ብቻ ነው፤ ትናንት የመኪና መሸጫ ነበር። አዲሶቹን መኪኖች ወደ ጥግ ገፍታችሁ ወንበር ደርድራችኋል። ገፍታችሁ ያልኩት ሆን ብዬ ነው። ያ ነጩ፣ ገና አንድ ቀን እንኳ መንገድ ያላየው፣ የገዛ ቁልፉን አላውቅም ስላለ ስትገፉት በዓይኔ አይቻለሁ።

ጡረታዬ ሳይደርስ ለምን እንደምሄድ ስትጠይቁኝ «ጤና ነው» እያልኩ ከርሜያለሁ። ጤና አይደለም፤ እንደምታዩኝ ደህና ነኝ። ቅናት ነው።

አትሳቁ። በተለይ አንተ፣ ከኋላ ያለኸው፣ አትሳቅ!

ቤተሰቦቻችሁ እዚህ ስላሉ ላስተዋውቃቸው። ያ ከኋላ የተቀመጠው፣ ሰማያዊ ሹራብ የለበሰው፣ የደንበኞች መስተንግዶ ኃላፊያችን ነው። ትክክለኛ ስሙን የሚያውቀው የደመወዝ ክፍል ብቻ ነው። ሰውን ሁሉ «ሆዴ» ስለሚል እኛም ሆዴ አልነው። ደንበኛውን ሆዴ፣ ጥበቃውን ሆዴ፣ ሥራ አስኪያጁን ሳይቀር ሆዴ። እኔን ብቻ «ኢንጂነር» ይለኛል። እሱም ያናድደኛል።

እኔ ምህንድስና ተምሬ፣ የቴክኒክ ኃላፊ ሆኜ የኖርኩት አንድ ነገር አምኜ ነው፤ እውነት በትክክል ከተነገረው ሰው ይሰማል ብዬ።

የድሮ መኪና ሲታመም ያስል ነበር። ይጮኻል፣ ያጨሳል፣ ባለቤቱም እየተራገመ ወደ እኛ ይጎትተዋል። የዛሬውስ? ወንበርህን ያሞቅልሃል፣ ሙዚቃ ይመርጥልሃል፣ እንደምን አደርክ ይልሃል፣ ከዚያ ምንም ሳይልህ መሪው ይደርቃል። ስልክ ላይ አራት ጎማ ገጥመው መኪና ነው አሉን። እኛም አምነን ሸጥነው።

ዘንድሮ ፋብሪካው ጥሪ አወጣ። ጥሪ ማለት «የሸጥንላችሁ መኪና ጉድለት አለበት፤ አምጡትና በነጻ እንጠግነው» ማለት ነው። መሪውን የሚያግዘው ሞተር ትእዛዝ የሚቀበልበት የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ይሰነጠቃል። ሲሰነጠቅ መሪው ድርቅ ይላል። ኩርባ ላይ ከሆናችሁ የቀረውን ራሳችሁ ጨርሱት። ለባለቤቶቹ የመደወሉ ሥራ ለእኔ ተሰጠ።

ደወልኩ። ለአንዲት የመድኃኒት ቤት ባለቤት ጉድለቱን ከነምክንያቱ አስረዳኋት። በመጨረሻ «መሪው በድንገት ሊደርቅብዎ ይችላል» አልኳት።

«ሲደርቅ እደውልልሃለሁ» ብላ ዘጋችው።

በማግስቱ ሆዴ በጠረጴዛዬ በኩል ሲያልፍ ስልኩን ከእጄ ወሰደና ደወለላት። «ሆዴ፣ ልጅቷ ከጉንፋኑ ተሻላት? ... እሰይ! በይ ጠዋት መኪናዋን ጣል አድርጊልኝ፣ መሪዋን ልያት።» በቃ፣ ይኸው ነው።

«ስለ አደጋው እኮ ምንም አልነገርካትም!» ብዬ ጮህኩበት።

«ትመጣለች፣ ኢንጂነር።»

«መምጣቷ ሌላ፣ ማወቋ ሌላ! የምትነዳው እሷ ናት፤ ማወቅ መብቷ ነው!»

«ስትመጣ አንተ ትነግራታለሃ።»

መጣች። ሰሌዳውን ፈታሁት፤ ተሰንጥቋል። በእጄ ይዤ ስንጥቁን አሳየኋት። ፊቷ ተለወጠ፣ ዓይኗ እንባ ሞላ። ከዚያ በትከሻዬ በላይ አሻግራ አየችና «እግዜር ይስጥልኝ ወንድሜ» አለች። ለማን? ከኋላዬ ቆሞ ሻይ ለሚጠጣው ለእሱ!

ከዚያ ቀን ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። እሱ ሲደውል ለመስማት በሬን ገርበብ አድርጌ እቀመጣለሁ። እኔ የምለው ሁሉ ትክክል ነው፣ ሰው የሚመጣው ግን ወደ እሱ ነው። አንድ ቀን ቤቴ መስታወት ፊት ቆሜ «ሆዴ» ማለት ተለማመድኩ። ባለቤቴ ከጓዳ «ምነው፣ ሆድህን አመመህ?» አለችኝ። ተውኩት።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ ልምጣ። ከተጠሩት መኪኖች አንዱ፣ የአንድ መዋዕለ ሕፃናት ቫን፣ እስካሁን አልመጣም። ሹፌሩ ምን እንዳለኝ ልንገራችሁ። «ባለፈው ጥሪያችሁ ጊዜ አመጣሁላችሁ። በሩን ጠግናችሁ መብራቱን አጠፋችሁብኝ። ያለ መኪና ስንት ቀን ተጉላላሁ፤ ወላጅ ሁሉ በእኔ ላይ ጮኸ። አሁን ደግሞ መሪ? በቃ ተዉኝ!» አልዋሸም። ለበሩ የጫንነው ሶፍትዌር የፊት መብራቱን አጥፍቶበታል። የዛሬ መኪና እንዲህ ነው፤ አንዱን ስትነካው ሌላው ያኮርፋል። እኔም «ያ ሌላ ጉዳይ ነው፣ ይኼ ሌላ ጉዳይ ነው» አልኩት። ትክክል ነበርኩ። ዘጋብኝ።

ቫኑ ዛሬ ጠዋት በዚህ በር ፊት አለፈ። የኋላ መስኮቱ ላይ ትንንሽ መዳፎች ተለጥፈው ነበር።

ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣ እኔ ስሄድ መደወሉ እንዲቀርና ጥሪው በስልክ መልእክት ብቻ እንዲላክ ወስነዋል። ከድርጅት የሚላክ መልእክት ማን አንብቦ ያውቃል? እርስዎስ ያነባሉ? እባክዎ መልእክቱን ይተዉትና ሥራዬን ለሆዴ ይስጡልኝ። ጥርሴን ነክሼ ነው የምለምንዎት። ለሹፌሩም ቫኑ ተጠግኖ እስኪወጣ ልጆቹን የሚያመላልስበት መኪና ከእኛ ያውሱት።

አንተም ስማኝ፣ ሆዴ። ለሹፌሩ ስትደውል ስለ ልጆቹም ጠይቀው፣ ስለ ጉንፋኑም ጠይቀው። ግን መሪው ሊደርቅ እንደሚችል በግልጽ ንገረው! ስለ መብራቱም ይቅርታ ጠይቀው። ይቅርታ ከእኔ አፍ ሲወጣ ክስ ይመስላል፤ አንተ ታውቅበታለህ።

ሥራ አስኪያጁ ራሳቸውን በእሺታ ነቀነቁ። ሁላችሁም አይታችኋል፤ ከእንግዲህ አንገቴን አሞኝ ነው ማለት አይቻልም።

ሆዴ፣ ወዴት ነው? ንግግሬን ሳልጨርስ? ... አሁን ልትደውልለት? ... ሂድ፣ ሂድ። ቁጥሩ ጠረጴዛዬ ላይ ነው።

አያችሁ? የስንብቴን ቀን እንኳ ወሰደብኝ። በቢሮዬ መስታወት በኩል ይታየኛል። ሹፌሩ ስልኩን አንስቶለታል። እየሳቀ ነው! እኔ ላይ ከጮኸው ሰው ጋር እየሳቀ ነው!

... አውራ ጣቱን አነሳ። ቫኑ ይመጣል።

እንግዲህ ወዳጆቼ፣ ልመርቃችሁና ልውረድ። የያዛችሁት መሪ ይታዘዝላችሁ፣ የረገጣችሁት ፍሬን ይያዝላችሁ። ማታ ቤታችሁ በር ላይ የሚጠብቃችሁ አትጡ። ስትደውሉም የሚያነሳላችሁ ሰው ይስጣችሁ።

ደህና ሁኑልኝ።