የሰብለ ሁለተኛ እጅ

አባቶቼ ካህናት፣ እናቶቼ፣ ከጅጋም ከደምበጫም በእግር የመጣችሁ ወገኖቼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። አፈሩ ከመመለሱ በፊት አንዴ ስሙኝ። ንግግር የማሳምርበት ልብ የለኝም።

ባምላኩ የሒሳብ መምህራችን ነበር። እኔ የማስተምረው አማርኛ ነው፤ ወንበር ተጋርተን ኖረናል። ወባ ናት የነጠቀችን። በዚህ ዘመን፣ ወባ!

ልጆች፣ ያቺን ቀን ታስታውሳላችሁ? ከአንድ እስከ ሃያ አምስት ያሉት ቁጥሮች ሁሉ ቢባዙ፣ መጨረሻው ላይ ስንት ዜሮ ይደረደራል አላችሁ። ስልክ ልታወጡ ስትሉ ሳቀባችሁ። ለእያንዳንዳችሁ ቁጥር ሰጥቶ ግቢው ውስጥ አቆማችሁ። ዜሮ የሚመጣው ከአስር ነው፤ አስር ደግሞ ሁለት በአምስት ነው። እንግዲህ በውስጡ አምስት ያለበት፣ ሁለት ያለበትን እጁን ይያዝ አለ። ሁለቶቹ ሞልተው ተረፉ። አምስት ጥንድ ቆጥራችሁ አጨበጨባችሁ። እሱ ግን ሃያ አምስት ቁጥር ወደተሰጣት ወደ ሰብለ ሄደ።

«ሃያ አምስት ማለት አምስት በአምስት ነው። ሁለተኛው እጅሽ ምነው ባዶ ሆነ?» አላት።

በዚያም እጇ ሁለት ያለበት ሌላ ልጅ ያዘች። ስድስት ዜሮ ሆነ።

ትምህርት ቤቱ ተዘግቶ በከረመበት ዓመት፣ በዚህችው ደጀ ሰላም ማን አስተማራችሁ? እሱ። ሌላው ጓዙን ሸክፎ ሲሄድ ማን ቀረ? እሱ።

ባለፈው እሑድ ትኩሳቱ እያቃጠለው እጄን ያዘ። ስለ ራሱ አንድም ነገር አላነሳም። ብዜቱ እስከ ሃምሳ ሲሄድ ሃምሳ ቁጥር ላይ ይሳሳታሉ፣ እዚያም አምስቱ ድርብ ነው፣ አደራ ንገራቸው አለኝ። እሺ አልኩት። ምን ልበለው? ይኸው ነገርኳችሁ። ከዚህ በላይ ብትጠይቁኝ አላውቅም።

ፈተናው ደርሷል። ማን ያስተምራቸው? አባቶቼ፣ እናንተው ንገሩኝ፣ ማን? የአማርኛ መምህር አለ። ርእሰ መምህር አለ። ወላጅ አለ። ሁለቶቹ ሞልተናል። አምስት የሆነልንን እሱን ነው ዛሬ የምንቀብረው።

ወንድሜ ባምላኩ፣ ሰብለ እዚህ አጠገብህ ቆማለች። አንድ እጇን እናትህ ጨብጠው ይዘዋል። ሁለተኛው ባዶ ነው። እኔ ልይዘው እችላለሁ፤ ማስተማር ግን አልችልም።

ደህና ሁን፣ ወንድሜ። አፈሩ ይቅለልህ። እኛስ ጨንቆናል።