ለባዳ ሁሉ በእህትነት የፈረሙት እታለም

በዚህ ለተሰበሰባችሁ ቤተሰቦች፣ የሥራ ባልደረቦችና ጎረቤቶች ሁሉ፣ ሁላችንም እታለም እያልን ስንጠራቸው የኖርነው የታላቅ እህታችን የሕይወት ጉዞ በታናሽ ወንድማቸው ይነበብላችኋል፤ አንባቢው ስልሳን የተሻገረና ከሰሞኑ እንቅልፍ ያላየ በመሆኑ ድምፁ ቢቆራረጥ ይቅር በሉት።

እታለም አልጋ በመሥራት ይተዳደሩ ከነበሩት አናጢ አባታቸውና የሰው ልብስ በማጠብ ቤቱን ከደገፉት እናታቸው የመጀመሪያ ልጅ ሆነው የተወለዱ ሲሆን፣ ከእሳቸው በታች ሦስት ወንዶች ስለተከታተሉ ገና ልጅነታቸውን ሳይጠግቡ ሞግዚት ሆኑ። በትምህርታቸው ጎበዝ፣ በእጅ ጽሑፋቸውም የተመሰገኑ ነበሩ፤ እናታቸው አልጋ በያዙ ጊዜ ግን ከአሥረኛ ክፍል አቋርጠው ቤት ዋሉ። በዚህ ሲያማርሩ የሰማቸው የለም፤ ይሁንና ታናናሾቻቸው ደብተር ሲያቆሽሹ ጆሮ የሚቆነጥጡበት ኃይል ቁጭታቸውን ይናገር እንደነበር አንባቢው በጆሮው ምስክር ነው።

በሃያ ዓመታቸው በሆስፒታል ካርድ ክፍል ተቀጠሩ። ክፍሉ ከወለል እስከ ጣሪያ በመደርደሪያ የተሞላ፣ ከአንዲት ጠባብ መስኮት በቀር ብርሃን የማያገኝ ነበር፤ እሳቸውም በዚያች መስኮት የሕመምተኛ ስም እየተቀበሉ፣ ካርድ እያወጡና እየመለሱ ሠላሳ አምስት ዓመት ቆሙ። በዚያ ሆስፒታል ደንብ የቅርብ ዘመድ ያልፈረመለት ሰው ለቀዶ ሕክምና አይገባም ነበር። ሥራ በጀመሩ በሁለተኛው ዓመት ከፎቅ የወደቀ አንድ ግንበኛ፣ ቤተሰቡ ሩቅ በመሆኑ ፈራሚ አጥቶ በቃሬዛ ላይ ከጠዋት እስከ ቀትር ሲያቃስት አይተው ቅጹን ተቀብለው፣ ዝምድና በሚለው ቦታ ላይ በዚያ ባማረ ጽሑፋቸው «እህት» ብለው ፈረሙ። ውሸት መሆኑን ያውቁ ነበርና እውነት ለማድረግ ሲሉ ግንበኛው እስኪነቃ ድረስ አጠገቡ ተቀመጡ። ከዚያ ወዲህ ዘመድ የሌለው ሁሉ ወደ እሳቸው መስኮት ይላክ ጀመር፤ እሳቸውም የፈረሙለትን ሰው ሳይነቃ ትተው ሄደው አያውቁም።

ከዚህ ሁሉ ድካም ምን እንደሚያገኙ አንባቢው ወንድማቸው በጠየቃቸው ጊዜ፣ በሰው ትከሻ የገባ ሕመምተኛ በራሱ እግር ወጥቶ፣ በር ላይ ፀሐይ ዓይኑን ሲወጋው እጁን ግንባሩ ላይ ሲያደርግ ማየት ለአንድ ቀን እንደሚበቃቸው ነግረውታል። ሳይወጡ የቀሩም ነበሩ። ስለ እነርሱ አያወሩም፤ የዚያን ዕለት ብቻ ቤት ሲገቡ ጫማቸውን ሳያወልቁ ወንበር ላይ ይቀመጡ ነበር።

በሃያ ስምንት ዓመታቸው የአውቶቡስ ሹፌር ከነበሩት ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሥርተው አንዲት ሴት ልጅ ወለዱ። ባለቤታቸው ጨዋታ አዋቂ ነበሩና፣ የሚስቴን ወንድሞች ለምሳ ልጥራ ብል አውቶቡሴ አይበቃቸውም እያሉ ይቀልዱ ነበር፤ ሆኖም በቀዘቀዘ እራት ፊት ብቻቸውን የተቀመጡበት ቀን ጥቂት አልነበረም። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ያለ ዘመድም አልጠፋም፤ ይህን ካሉት አንዱ አሁን የሚያነብላችሁ ነው።

ልጃቸው አሥራ ሰባት ዓመት ሲሆናት ባለቤታቸው በልብ ሕመም በዚያው ሆስፒታል ተኙ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እታለም የፈረሙላት አንዲት ብቸኛ ሴት ከቀዶ ሕክምና ወጥታ ስለነበር፣ እስክትነቃ ብለው አጠገቧ ተቀምጠው ሳለ፣ ባለቤታቸው አንድ ፎቅ ከፍ ብሎ ባለው ክፍል አረፉ። አጠገባቸው የነበረችው ልጃቸው ብቻ ናት። እናቷን ፍለጋ ደረጃውን ስትወርድ የማታውቃትን ሴት እጅ ይዘው አገኘቻቸው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ልጅ እናቷን እያከበረች፣ እየታዘዘች፣ ከሰላምታ በላይ ግን ሳታዋራቸው ኖረች፤ ትምህርቷንም እንደጨረሰች ሌላ ከተማ ሥራ ይዛ ሄደች። እታለም ዳግመኛ አልፈረሙም። ቅጽ ይዞ ለመጣ ሁሉ አልችልም ይሉና፣ አልችልም ያሉትን ሰው ፊት በሐሳባቸው ይዘው ቤት ይገቡ ነበር። አንድ ቀን ለወንድማቸው «በመፈረሜም ደከመኝ፤ ባለመፈረሜም ደከመኝ» አሉት።

ጡረታ በወጡ በአሥራ አንደኛው ዓመት የጉበት ሕመም ጥሏቸው ሆስፒታል ሲተኙ ልጃቸው ከሥራዋ ፈቃድ ጠይቃ መጣች፤ ሁለት ወር ሙሉ ከአጠገባቸው ሳትለይ አጠበቻቸው፣ አጎረሰቻቸው፣ አገላበጠቻቸው፤ አባቷ ያረፉበትን ቀን ግን ሁለቱም አላነሡትም። ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት ፊት ለፊት ካለው አልጋ ላይ የተኛች፣ ጠያቂ የሌላት ሴት ትንፋሽ አጥሯት ስትጨነቅ፣ እታለም ልጃቸውን ሄዳ እጇን እንድትይዝላት ለመኗት። ልጅ ከዚህ አልነቃነቅም አለች። እሳቸውም በቀረቻቸው አቅም «ሂጂ፤ እኔማ ልጅ አለኝ» አሏት።

ሄደች። ሴትዮዋ እስክትረጋጋ አንድ ሰዓት ያህል ተቀመጠች፤ ስትመለስ እናቷ አርፈው አገኘቻቸው።

ይህ ሳይሸፋፈን እንዲነበብ ያዘዘችው ልጃቸው ናት። እናቷ ሲያርፉ አጠገባቸው እንዳልነበረች፣ የት እንደነበረችም ሁሉም እንዲያውቅ ትፈልጋለች፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የተቀየመችበትን ነገር እሷም እንዳደረገችው፣ ብትጠየቅም ደግማ እንደምታደርገው ለአጎቷ እያለቀሰች ነግራዋለች።

እታለም በስልሳ ስድስት ዓመታቸው አንዲት ሴት ልጅ፣ አንድ የልጅ ልጅና ሦስት ወንድሞች ትተው አልፈዋል። በእህትነት የፈረሙላቸውን ግን ስማቸውን ስለማናውቅ ልናነብ አልቻልንም፤ በመካከላችን ካላችሁ ወደዚህ ቅረቡና ከቤተሰቡ ጋር ቁሙ። የሰውን ድካም የሚያውቅ ፈጣሪ፣ ደክማ የመጣችውን ነፍሳቸውን ተቀብሎ ያሳርፍልን፤ እኛንም ያጽናን።