በኑግ ማሳ ውስጥ በሆዱ የተኛው መምህር

የተከበራችሁ አባቶች ካህናት፣ የቢቸና ሰዎች፣ በዚህ ጊዜ በዚህ መንገድ ከሞጣ ድረስ የመጣችሁ፣ ዛሬ የምንቀብረው የመምህር ስጦታው ወገኖች፤ እግዚአብሔር ያጽናችሁ።

ይስማው እባላለሁ። ከመምህር ስጦታው ጋር አሥራ አንድ ዓመት በአንድ ትምህርት ቤት አስተምረናል፤ እሱ ባዮሎጂ፣ እኔ ሒሳብ። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ አብረን ገጠር እንወጣ ነበር። አላስረዝምም። ሰው ተሰብስቦ ብዙ መቆም ዛሬ እንደማይመከር ታውቃላችሁ። እኔም እፈራለሁ።

ስጦታው ምን ነበር የሚወደው? ሌላው የሚጠየፈውን ነዋ! ሸረሪት፣ ጢንዚዛ፣ ፌንጣ፣ እንሽላሊት። ባለ ረጅም ሌንስ ካሜራውን ይዞ ሣር ላይ በሆዱ ይተኛል። ግማሽ ሰዓት አይነቃነቅም።

እማማ ሀብትነሽ እዚህ አሉ አይደል? አሉ። ያስታውሳሉ እማማ? ከገበያ ሲመለሱ መንገድ ዳር ተዘርሮ አዩት። የሚጥል በሽታ የያዘው መሰላቸው። «ኧረ የሰው ያለህ!» ብለው ሮጡና፣ ክብሪት ጭረው አፍንጫው ሥር አስጠጉለት። ሰውየው ጢሱን እየማገ፣ ዓይኑን ከካሜራው ሳያነሳ፣ «እማማ፣ ቀስ ይበሉ፤ ትሸሽብኛለች» አላቸው።

«ማን ናት ልጄ?»

«ሸረሪቷ።»

«እንዲህ ከሆንክስ እንኳን ሸረሪት ሚስትህም ትሸሻለች!» አሉት። ባለቤቱ ሰርካለም ይህን ሰምታ ሳምንት ሙሉ ስቃለች።

ያኔ መሳቅ ነበረ። ከዚያ ዘመኑ ከፋ። አንድ ቅዳሜ መሣሪያ የያዙ ሰዎች አስቆሙን። ማን ነበሩ? አልጠየቅንም። በዚህ ጊዜ ማን ማንን ይጠይቃል? ካሜራውን ተቀብለው ፎቶዎቹን አንድ በአንድ አዩ። ዝንብ። ዝንብ። ፌንጣ። ሸረሪት ዝንብ ስትበላ።

«ሰው አታነሳም እንዴ?» አለው አንዱ።

«ሰው ካሜራ ሲያይ ፊቱን ያስተካክላል። ዝንብ አያስተካክልም።»

ሳቁና ለቀቁን። እኔ ግን ከተማ እስክንገባ ድረስ ወደ ኋላ እየዞርኩ ነው የሄድኩት።

ከዚያ ወዲህ ደንብ አወጣን። እሱ ሲተኛ እኔ አጠገቡ እቆማለሁ። ነጭ ጋቢ ለብሼ፣ ጃንጥላ ዘርግቼ፣ ላለፈ ላገደመው ሁሉ «እንደምን ዋላችሁ! መምህራን ነን!» እያልኩ እጮሃለሁ። ከሩቅ ያየን እንዳይደነግጥ ነው። እንዳይሳሳት ነው። ሁለት ዓመት እንዲህ ዘለቅን።

ትናንት ጠዋት ደወለልኝ። «ኑጉ አብቧል። እንደ አበባው ቢጫ የሆነች ሸረሪት አግኝቻለሁ፤ አድብታ ንብ ትጠብቃለች። ቶሎ ና» አለኝ።

አሞኛል አልኩት።

«እንግዲያው ተኛ። እኔ ደረስ ብዬ እመለሳለሁ» አለኝ።

እስቲ አስቡት። በኑግ ማሳ ውስጥ በሆዱ የተኛ ሰው። ዓይኑ ላይ ጥቁር፣ ረዘም ያለ ነገር የደገነ። አጠገቡ ማንም ያልቆመ። ከሩቅ ያየው ምን ይበል? እኔስ ብሆን ምን እል ነበር? የተኮሰው ሰው በጭካኔ ነው ወይስ በፍርሃት? አላውቅም። ማን እንደሆነም አላውቅም። ማወቁንም እፈራለሁ። ምናልባት እዚሁ መካከላችን ነጠላውን አዘቅዝቆ ያለቅስ ይሆናል።

አንድ ነገር ይቀረኛል። እሱን ሳልናገር አፈሩ ቢመለስ ዕድሜ ልኬን ያንቀኛል።

ሰርካለም፣ እህቴ፣ ትናንት ማምሻውን ለቅሶ ስደርስ አንገቴን አቅፈሽ ምን አልሽኝ? «እንኳን አመመህ። እግዜር አንተን እንኳ አተረፈልኝ» አልሽኝ። የተቀመጠው ሁሉ «እውነት ነው» አለ። እኔም ዝም አልኩ።

አላመመኝም ሰርካለም። ራሴንም ሆዴንም አላመመኝም። ቁርሴን በልቼ፣ ደህና ሆኜ ቤቴ ተቀምጬ ነበር። ያተረፈኝን እግዜር አታድርጊው። ፈርቼ ዋሸሁት። ብቻውን የሄደው በእኔ ነው።

ስጦታው፣ ወንድሜ፣ ደህና ሁን። ጌታ ነፍስህን በገነት ያሳርፍልን። አንተ ከእንግዲህ የምትፈራው የለም። እኔ ግን ይህን ተናግሬ ቀና ብዬ የሚስትህን ፊት ማየት አለብኝ። ከጥይት ይልቅ እሱን እፈራለሁ።

ይኸው፣ ዞርኩ።