አቶ ቸሬ ቢሆነኝና የአሽቀሎን ወፍ ቆጣሪዎች

የተከበራችሁ ቄሶች፣ ዘመዶችና ወዳጆች፣ እኔ ታናሽ ወንድማቸው አለምነው የጋሼ ቸሬን የሕይወት ታሪክ እንዳነብ ስለታዘዝሁ፣ የማውቀውን ሳልደብቅ አቀርባለሁ።

አቶ ቸሬ ቢሆነኝ ከአባታቸው ከአቶ ቢሆነኝ ወርቄና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሲሳይነሽ በጎንደር ክፍለ ሀገር ጎርጎራ አካባቢ በ1944 ዓ.ም. ተወለዱ። ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በዚያው እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምረው፣ በግብርና ጽሕፈት ቤት የዕቃ ግምጃ ቤት ጸሐፊ ሆነው ሲሠሩ፣ ጣና ዳር የሚያርፉትን ወፎች በመሥሪያ ቤቱ ወረቀት ጀርባ ላይ እየመዘገቡ ከአለቃቸው ተግሣጽ ይደርስባቸው እንደነበር ራሳቸው እየሳቁ ያጫውቱን ነበር። በ1969 ዓ.ም. ወይዘሮ ውብአየሁን አግብተው ልዕልትንና ዛሬ ኦሬን የምንለውን ልጃቸውን ወልደዋል።

ወደ እስራኤል ለመግባት ጎንደር ላይ ስምንት ዓመት ተራ ጠብቀው በ1998 ዓ.ም. አልያ ካደረጉ በኋላ፣ ከአዲስ ገቢዎች ማረፊያው ከመርከዝ ክሊታ ወጥተው አሽቀሎን ከተማ ገቡ፤ ጡረታ እስኪወጡም በአንድ ፋብሪካ በር ላይ በጥበቃ ሥራ አገለገሉ። ጡረታ በወጡበት ዓመት ከሰፈሩ የሕዝብ መሰብሰቢያ ማእከል፣ ከማትናሱ፣ አንዲት ክፍል ለምነው የወፍ ተመልካቾችን ማኅበር መሠረቱ፤ እሑድና ሐሙስ ማለዳም በከተማው ብሔራዊ ፓርክ ጥንታዊ ፍርስራሽ ላይ ቆመው በባሕሩ ዳር የሚያልፈውን ወፍ ይቆጥሩ ጀመር። ሊረዷቸው የመጡ በጎ ፈቃደኞች ግን ወንበር ከመሸከምና ሻይ ከመቅዳት ያለፈ ሥራ አልነበራቸውም፤ የሩቅ ማያ መነጽሩም ደብተሩም ከጋሼ እጅ አይወጣም ነበርና። ማን መቼ እንደሚመጣ፣ መቼስ ወደ ቤቱ እንደሚሄድ የሚነግረው አልነበረም። ብዙዎች ሁለት ጊዜ መጥተው በሦስተኛው ቀሩ።

ከጸኑት ጥቂቶች አንዷ በሆስፒታል ወጥ ቤት የሚሠሩት ወይዘሮ ፍሬወይኒ ነበሩ። አንድ ሐሙስ ጋሼ ለሐኪም ቀጠሮ ኩፓት ኾሊም ክሊኒክ በሄዱበት ሰዓት፣ እርሳቸው ሁለት ዓመት ሙሉ ሲጠብቁት የኖሩትን ፍላሚንጎ፣ ያን እግረ ረጅም ሮዝማ ወፍ፣ ወይዘሮ ፍሬወይኒ ውኃው ዳር ብቻውን ቆሞ አዩት። እሑድ መጥተው ይህንኑ ሲነግሯቸው ጋሼ ደብተሩን ዘግተው፣ «እኔ ያላየሁት ወፍ በዚህ ደብተር አይገባም» አሉ። ከረዳቶቹ አንዱ፣ ጡረተኛው መምህር አቶ ጊላድ፣ እኔም አብሬ አይቻለሁ ቢሏቸውም አልሰሟቸውም። ወይዘሮ ፍሬወይኒ የያዙትን ወንበር አጣጥፈው ሄዱ፤ ሌሎቹም ተከተሏቸው።

ያን ዕለት ጋሼ ለባለቤታቸው የተናገሩትን፣ ወይዘሮ ውብአየሁ እንዳነበው ስለፈቀዱልኝ አነባለሁ። ወይዘሮ ፍሬወይኒ እንዳልዋሹ ያውቁ ነበር፤ የቆጫቸው ያ ወፍ እርሳቸውን አልፎ፣ ወንበር ሲያሸክሟቸው ለኖሩት ሴት መታየቱ ነው። ቅናት ነበር እንጂ ጥርጣሬ አልነበረም።

በዚያ መጸው ሽመላው በሺህ ሲያልፍ ጋሼ ብቻቸውን ቆመው፣ በቀኝ ያለውን ሲቆጥሩ የግራው እያመለጣቸው፣ የዓመቱ ቆጠራ ግማሹ ባዶ ሆኖ ቀረ፤ ማትናሱም ሰው የማይገባባትን ክፍል መልሶ ሊወስድ መሆኑን አስታወቃቸው። ያን ጊዜ በአውቶቡስ ባርኔአ ሰፈር ድረስ ሄደው የወይዘሮ ፍሬወይኒን በር አንኳኩ፤ ደብተሩንም ወፉ በታየበት ቀን ላይ ገልጠው፣ «በራስሽ እጅ ጻፊው፤ ስምሽንም ከጎኑ አድርጊ» አሏቸው። ወይዘሮ ፍሬወይኒ ጻፉ፤ ከጻፉ በኋላ ግን፣ ሰው ከሥራው ደክሞ የሚመጣው ወፍ ለማየት እንጂ እርሳቸው ሲያዩ ለመመልከት እንዳልሆነ ፊት ለፊት ነገሯቸው።

ከዚያ ወዲህ ጋሼ እያንዳንዱን አዲስ ሰው ምን እንደሚችልና ስንት ሰዓት እንዳለው አስቀድመው እየጠየቁ፣ አዲሱን ከነባሩ ጋር እያጣመሩ፣ ለየጥንዱ የራሱን የባሕር ዳር፣ የራሱን ቀንና ደብተር ሰጡ፤ ወፍ ያየም በገዛ ስሙ እንዲጽፍ ሥርዓት ሆነ። ብርቅ ወፍ በሌላ ሰው ስም ተጽፎ ሲያነቡ ፊታቸው መጥቆሩ አልቀረም፤ ሆኖም አንዱንም አልሰረዙም። አምስት የነበሩት ረዳቶች ሃያ ሦስት ሆኑ።

ከሦስት ዓመት በፊት የስኳር ሕመም ዓይናቸውን ሲያደክመው፣ እነዚህ ሰዎች በተራ እየመጡ ወደ ባሕሩ ይወስዷቸው፣ ያዩትንም አጠገባቸው ሆነው ይነግሯቸው ነበር። እኔ ግን ወንድማቸው ሆኜ ሳለ፣ ልጠይቃቸው በሄድሁ ቁጥር ከእነርሱ ጋር ወጥተው ስለማጣቸው ልቤ ቆሰለ። አንድ ቀን ወይዘሮ ፍሬወይኒ ሊወስዷቸው ሲደውሉ ስልኩን አንሥቼ፣ ጋሼ ተኝተዋል አልኋቸው። ጋሼ ግን ጫማቸውን አድርገው፣ ኮፍያቸውን ደፍተው በሩ አጠገብ ተቀምጠው ነበር። እስከ ቀትር ጠበቁ። ጋሼ «ፍሬወይኒ ለምን ቀረች?» ብለው ሲጠይቁኝም፣ ሥራ በዝቶባቸው ይሆናል አልሁ። ይህን ለእርሳቸው ሳልነግራቸው ስላለፉ፣ ዛሬ በፊታችሁ፣ በወይዘሮ ፍሬወይኒም ፊት እናገራለሁ።

ጋሼ ቸሬ ኩላሊታቸው ደክሞ በሆስፒታል ሲረዱ ቆይተው፣ ትናንት ማለዳ በሰባ አራት ዓመታቸው ዐረፉ። ከኋላቸው ባለቤታቸውን ወይዘሮ ውብአየሁን፣ ልጆቻቸውን ልዕልትንና ኦሬንን፣ አምስት የልጅ ልጆችን፣ በመካከላችሁ ቆመው የማያቸውን ሃያ ሦስት ረዳቶቻቸውንና እኔን ወንድማቸውን ትተዋል።

የአብርሃም፣ የይስሐቅና የያዕቆብ አምላክ ነፍሳቸውን በጻድቃን ማረፊያ ያኑር፤ ለቤተሰባቸው መጽናናትን ይስጥ፤ እኔንም ወንድሜን ከዚህ ሁሉ ሰው ጋር መካፈልን አሁን እንኳ ያስተምረኝ። አሜን።